ጠበሉን ከመድኃኒቱ ማን አጣላቸው?

ዛሬ የምጽፈው ቃል ለአንዳንዶቻችሁ መራራ እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን ኮሶ መራራ ነው ተብሎ አይተውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ አባቶች የተናገሩት ስለ አንድ ሰው ብቻ አይመስለኝም፤ ሕዝብም በሽታውን የሚደብቅበት ጊዜ አለና።

ነገሩ ይህ ነው። ኤች አይ ቪ በደሙ የተገኘበት ሰው ወደ ጠበል በሄደ ጊዜ፥ በአንዳንድ ስፍራ «መድኃኒቱን ጣልና ተጠመቅ፤ ሁለቱን ባንድነት ከያዝህ እምነትህ ጐደሎ ነው» የሚል መካሪ አይታጣበትም። መካሪው ሁልጊዜ ካህን አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ባሕታዊ ነኝ እያለ የሚዞር ሰው ነው፥ አንዳንድ ጊዜም ከጎኑ የተኛው ጠበልተኛ ነው። ሕመምተኛው ግን ምክሩ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለ ተነገረ ከእግዚአብሔር እንደ መጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ክኒኑን ይጥላል። ጥቂት ጊዜ ደኅና መስሎ ይቈያል፤ ኋላም ይከሳል፥ ያስለዋል፥ በመጨረሻም በሰው ትከሻ ይወርዳል። በሞተም ጊዜ «እምነቱ ጐድሎበት ነው» ይባላል እንጂ «ምክራችን ገደለው» የሚል አንድ ሰው አይገኝም። መካሪው ሕመምተኛው ሲያገግም የሚመሰገንበት፥ ሲሞት ግን የማይጠየቅበት ፍርድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ይህን ምክር የምቃወመው ጠበልን በመናቅ አይደለም፤ ጠበልን በማክበር ነው። ጠበልን የሚያዋርደው፥ ከአንዲት ክኒን ጋር አብሮ መዋል የማይችል አድርጎ የሚያቀርበው ሰው ነው።

አስቀድሞ የነበረውን ማስታወስ ይገባል። ይህ ቫይረስ በአገራችን መኖሩ በደም ምርመራ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹም የኤድስ ሕመምተኞች በአዲስ አበባ በ1978 ዓ.ም. ታወቁ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል ለድኻ ሰው የሚደርስ መድኃኒት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሐኪም «ምንም ላደርግልህ አልችልም» ብሎ ያሰናበተውን፥ ዘመድ የሸሸውን፥ ባለቤት ከኪራይ ቤት ያስወጣውን ሕመምተኛ የተቀበለችው የጠበል ቦታ ናት። በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሕመምተኞች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ እንደ ነበረ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ማንም ሳይነካቸው በዚያ በእጅ ተነኩ፤ ማንም ሳይጠራቸው በዚያ በክርስትና ስማቸው ተጠሩ። ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው፤ እኔም ሳላመሰግን አላልፍም።

ዳሩ ግን በጥር ወር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ተጀመረ። ዘመኑ ያን ጊዜ ተለወጠ። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ «ከጠበል በቀር ተስፋ የለም» ያለ ሰው ያየውን ተናገረ፤ መድኃኒት ከመጣ በኋላ ያንኑ ቃል የሚደግም ሰው ግን ድልድይ ከተሠራ በኋላ መንገደኛውን በሙላት ካልተሻገርህ ብሎ እንደሚገፋው ሰው ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራውን ሥራ ባጭሩ ልንገር። ቫይረሱ የሚገባው ሰውነታችንን ከበሽታ በሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። በዚያ ተቀምጦ ይራባል፥ ጠባቂዎቹንም ይፈጃቸዋል። ዘበኛው የሞተበት ቤት ለማንም ሌባ ክፍት እንደሚሆን፥ እንዲህ ያለውም ሰውነት ለሳንባ ነቀርሳና ለሌላው ደዌ ሁሉ ክፍት ይሆናል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከነሥሩ አይነቅለውም፤ እንዳይራባ ያስረዋል እንጂ። መራባት ባልቻለ ጊዜ ጠባቂዎቹ ቍጥራቸው እንደ ገና ይበዛል፥ የተኛውም ሰው ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ነገር ግን በሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ አለና፥ ክኒኑ በተቋረጠ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቫይረሱ ተመልሶ ደሙን ይሞላዋል። መድኃኒቱን አንድ ሳምንት እየዋጠ ሌላውን ሳምንት የሚተወው ሰውማ ቫይረሱን ለመድኃኒቱ ያለማምደዋል፤ ኋላ ቢጸጸትና ቢመለስ ያ የቀድሞው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል።

«እኛ ግን በጠበል ብቻ የዳነ ሰው በዓይናችን አይተናል» የሚሉ ይነሡብኝ ይሆናል። እኔ እነዚህን ሰዎች ሐሰተኞች አልላቸውም። ያዩትን አይተዋል፤ ያዩት ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አልመረመሩም። እስኪ የሚያቀርቧቸውን ምስክሮች አንድ በአንድ እንጠይቅ።

የመጀመሪያው ምስክር «ከጠበል ከተመለስሁ ይኸው አምስት ዓመቴ ነው፥ ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም» ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ይህ ቫይረስ በብዙ ሰው ላይ ያለ አንዳች ምልክት ስምንትም ዐሥርም ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ጠበል ያልደረሰውም፥ እምነት የሌለውም ሰው ይህን ያህል ዓመት ደኅና መስሎ ይኖራል። ስለዚህ ደኅና መምሰል የመዳን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ምስክር ከሐኪም ቤት ያመጣውን ወረቀት ያሳያል፤ በወረቀቱም ላይ ቫይረሱ በደሙ እንዳልታየ ተጽፎአል። ይህ ሰው ጠበል ይጠመቅ ነበረ፥ መድኃኒቱንም ይውጥ ነበረ። መድኃኒቱ በደንብ ሲሠራ የቫይረሱ መጠን እጅግ ስለሚያንስ መሣሪያው ሊያየው አይችልም። ወረቀቱ የሚለው «አልታየም» ነው፤ ሰውዬው ግን «የለም» ብሎ አነበበው። በዚያው ቀን ክኒኑን ጣለ። ወዮ ለዚህ ሰው! መድኃኒቱ በደኅና በመሥራቱ ምክንያት መድኃኒቱን ተወ።

ሦስተኛይቱ ምስክር ሕፃን የታቀፈች እናት ናት። ልጅዋ በተወለደ ጊዜ ደሙ ሲመረመር ምልክቱ ተገኘበት፤ ጠበል ካስጠመቀችው በኋላ በሁለት ዓመቱ ቢመረመር ነጻ ሆነ። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን እናት ለልጅዋ በማኅፀን ሳለ የራስዋን የደም መከላከያ ታወርሰዋለች፤ ይህም በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቈይ ይችላል። የተለመደው ምርመራ የሚያየው ቫይረሱን ሳይሆን ይህን መከላከያ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ፈጽሞ ያልገባበት ሕፃን እንኳ አስቀድሞ የታመመ መስሎ ይታያል፤ የእናቱ ውርስ ሲያልቅ እውነቱ ይገለጣል። ያች እናት እግዚአብሔርን ብታመሰግን ደግ አደረገች። «ልጄን ያዳነው እኔንም ያድነኛል» ብላ የራስዋን መድኃኒት ብትጥል ግን ያን ከደዌ የተረፈ ልጅ እናት አልባ ታስቀረዋለች።

«እንግዲህ እግዚአብሔር ተአምር አያደርግም ትላለህን?» የሚለኝ ቢኖር፥ አልልም። ነገር ግን ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ ብሎ እንዳዘዘው ወንጌል የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። በኦሪት ለምጽን መርምሮ «ነጽቶአል» ብሎ የሚፈርደው ካህን ነበረ፤ ተአምር አድራጊው ራሱ ምርመራን አልናቀም። ዛሬም ዳንሁ የሚል ሰው ራሱን ለሐኪሙ ያሳይ፤ ሐኪሙም «ተው» እስኪለው ድረስ መድኃኒቱን ከእጁ አይጣል። እውነተኛ ተአምር ከምርመራ አይሸሽም።

ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፤ ለእናንተ መጽሐፍ መጥቀስ ለቀበሮ ጒድጓድ እንደ ማሳየት ነው፤ ቢሆንም ታገሡኝ። የሲራክ መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፥ እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብሎ አያስተምርምን? ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ፥ ዐሥራ አምስት ዓመት በዕድሜው ላይ እንደ ተጨመረለት ከእግዚአብሔር ዘንድ ከተነገረው በኋላ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አላዘዘምን? ተስፋው ከተሰጠ በኋላ መድኃኒቱ ለምን አስፈለገ? ነቢዩ እምነት ጐድሎት ነውን? ጳውሎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጢሞቴዎስን የመከረው ምን ነበረ? ሉቃስስ ወንጌላዊ ከሆነ በኋላ ባለ መድኃኒት ተብሎ መጠራቱ ስለ ምን አልተተወም?

መጽሐፉን እንኳ ብንተው የአባቶቻችን ልማድ ይፈርድብናል። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ከጠበል ተከለከለን? «ትሉን ጠበል ያውጣልህ፥ ኮሶውን ድፋ» ያለ አጥማቂ ማን ነበር? ዕፅ በጥሰው ሥር ምሰው ሕመምተኛ ያስታመሙት ከቤተ ክርስቲያን የተማሩ ሊቃውንት አልነበሩምን? ዛሬም «መድኃኒት ጣሉ» የሚለው ሰው መጽሐፉን የሚያነበው መነጽር አድርጎ ነው፤ ምናልባትም የደም ብዛት ክኒን በኪሱ አለ። ለራሱ ዓይንና ለራሱ ልብ የፈቀደውን ለድኻው ደም የሚከለክለው በምን ሥልጣን ነው?

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ምሁራን በካህናት ላይ እንዳይስቁ ይህንም እናገራለሁ። በደቡብ አፍሪካ በፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ዘመን፥ በከፍተኛ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች በሚገዙት መንግሥት ውስጥ፥ የኤድስ ምክንያት ቫይረሱ መሆኑ ተጠራጠረ፤ የጤና ሚኒስትርዋም ነጭ ሽንኵርት፥ ቀይ ሥርና ሎሚ ያመሰግኑ ነበር። መድኃኒቱም ዘገየ። የሐርቫርድ ተመራማሪዎች በፈረንጆች ዘመን በ2008 እንዳወጡት ግምት፥ ከ2000 እስከ 2005 በዚህ መዘግየት ምክንያት ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። በጋምቢያ ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜህ በ2007 ኤድስን በቅጠል እፈውሳለሁ ብሎ ሕመምተኞችን መድኃኒታቸውን አስጣላቸው፤ ሥልጣኑን ካጣ በኋላ በ2018 ከሞት የተረፉት ከሰሱት። በታንዛኒያም በ2011 በሎሊዮንዶ አገር አንድ ጡረታ የወጡ የሉተራን ቄስ በአምስት መቶ ሽልንግ በኩባያ የሚሰጡትን የሥር ውሃ ለመጠጣት ሕዝብ እንደ ጐርፍ ጐረፈ፤ መድኃኒታቸውን ትተው የሄዱም ነበሩ። አንዱ በፍልስፍና፥ ሁለተኛው በሥልጣን ትዕቢት፥ ሦስተኛው ምናልባት በቅን ልብ ተነሣ። የሕመምተኛው መጨረሻ ግን አንድ ነው። ቫይረሱ የመካሪውን ልብ ቅንነት አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ሥሩ እንሂድ። ሕመምተኛው ክኒኑን ለመጣል ይህን ያህል የሚቸኵለው ስለ ምን ነው? ነገሩ የመካሪው አንደበት ብቻ አይደለም፤ የእኛም የሁላችን አንደበት አለበት። ብልቃጡ ሰውዬውን ያጋልጠዋል። በተከራየበት ቤት፥ በሥራው ስፍራ፥ በአማቱ ዘንድ መድኃኒቱን የሚደብቅበት አያገኝም። ጠበል ግን የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ ለራስ ምታት፥ አንዱ ለመካንነት፥ አንዱ ለዓይነ ጥላ ይሄዳል፥ ማንም ማንን «ምንህን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ ሕመምተኛው የሚሸሸው ከመድኃኒቱ አይደለም፤ ከስሙ ነው። ስሙንም ያከፋነው እኛ ነን።

«የኃጢአተኞች በሽታ ነው» እንላለን። እስኪ ቍጥሩን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሕዝብ ቫይረሱ የተገኘበት ከመቶ 0.9 ነበረ። በከተማ 2.9፥ በገጠር 0.4፤ ከሴቶች 1.2፥ ከወንዶች 0.6፤ በጋምቤላ 4.8፥ በአዲስ አበባ 3.4፥ በሶማሌ ክልል ከ0.1 በታች ሆነ። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ የሴትና የጋምቤላ ኃጢአት በዝቶአል» ቢል ፊደል ቈጠረ እንጂ አላስተዋለም። ሴቲቱ የበዛችው ሰውነትዋ ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጠ ስለ ሆነ፥ ባልዋንም የት እንዳመሸ ለመጠየቅ ስለማትደፍር ነው። ከቤትዋ ደጅ ሳትወጣ፥ ሰባቱን አጽዋማት ስትጾም የያዛት ብዙ ናት። በጋምቤላም የወንዶች ግርዛት እንደ ሌላው አገር የተለመደ አልነበረም፤ ግርዛት ወንድ ልጅ ከሴት እንዳይያዝ አደጋውን ወደ 60 በመቶ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፥ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ምርመራዎች አስረድተዋል። እንግዲህ በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ሰው በጋምቤላው ወንድሙ ላይ የሚመካው በምን ጽድቁ ነው? ሕፃን ሳለ ሌላ ሰው በቈረጠለት ሥጋ ነውን? ስለ ዕውሩ ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ጌታ የሰጠውን መልስ በየዓመቱ እያነበብን፥ ከመቅደስ ስንወጣ ያንኑ የተሳሳተ ጥያቄ እንጠይቃለን።

ከዚህ አፍረት መውጫ እንዳለ ያሳየ አንድ ካህን በኡጋንዳ አለ። የአንግሊካን ቄስ የሆነው ጊዴዎን ብያሙጊሻ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ በ1992 በፈረንጆች ዘመን በአደባባይ ተናገረ። ከአፍሪካ የሃይማኖት መሪዎች መካከል ይህን ለመናገር የመጀመሪያው እርሱ ነው። እርሱ በመናገሩ የተዋረደች ቤተ ክርስቲያን የለችም፤ ብዙ የተደበቀ ሕመምተኛ ግን ቀና አለ።

ለእናንተም የከተማ ምሁራን ድርሻችሁን ሳልሰጥ አላልፍም። በጠበል የሚስቅ ሐኪም ከመካሪው ባሕታዊ የተሻለ አይደለም። ሕመምተኛው የተሳቀበት ጊዜ ጠበል መሄዱን ይደብቃል፤ ጠበል መሄዱን ከደበቀ ክኒኑን መጣሉንም ይደብቃል፤ ሐኪሙም ባዶ ሰው ያክማል። ይልቅስ «መቼ ነው የምትሄደው? ክኒንህን በምን ሰዓት ልናደርግልህ?» ብሎ ቢጠይቀው ነፍስ ያተርፋል። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው፤ እህልም ሳይቀመስ ሊዋጥ ይችላል። ማታ ጾም ከተፈታ በኋላ የሚውጠው ሰው ጾሙንም ቍርባኑንም ጠበሉንም አያስታጕልበትም። ታዲያ የሁለቱ ጠብ የት ላይ ነው?

መድኃኒቱን የሚያስጥል ሰው የሚገድለው አንድ ሰው ብቻ እንዳይመስለው። በ2011 በፈረንጆች ዘመን ውጤቱ የታወቀው ታላቅ ምርመራ፥ በጊዜ የተጀመረ መድኃኒት ቫይረሱ ከባል ወደ ሚስት፥ ከሚስት ወደ ባል እንዳይተላለፍ 96 በመቶ እንደሚከላከል አሳየ፤ ከዚያ ወዲህም ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በሩካቤ እንደማያስተላልፍ ተረጋግጦአል። መድኃኒት ከማትወስድ እናት ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ በምትወስደው ግን ከአምስት በታች ይወርዳል። ስለዚህ «ጣል» የሚለው አንድ ቃል በአንድ ጊዜ ባልን፥ ሚስትንና ያልተወለደውን ልጅ ሊያገኝ ይችላል።

ይህን አዲስ ትምህርት ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፥ ባንድነትም ሊወሰዱ እንደሚገባ በአደባባይ ተናግረዋል። እንግዲህ ዛሬ «ጣሉ» የሚል ሰው የሚቃወመው ሐኪምን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አጥማቂው ውሃውን ከማፍሰሱ በፊት «መድኃኒትህን ይዘሃልን?» ይበል። የንስሐ አባት ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ሲጠይቅ ስለ ክኒኑም ይጠይቅ፤ ጥሎት ከሆነ ወደ ሐኪሙ ይመልሰው። የጠበሉ አለቃ በደጁ ላይ መድኃኒት የሚያስጥል መካሪ ቢያገኝ ገበያ እንደሚያውክ ሰው ያስወጣው። እኛም ምእመናን በዕድርና በሰንበቴ ስለዚህ በሽታ ስናወራ ከመካከላችን አንዱ ሕመምተኛ ሆኖ እንደሚሰማን አስበን አፋችንን እንግታ።

በአገራችን ከቫይረሱ ጋር የሚኖረው ሰው ወደ 600 ሺህ ይገመታል። ከነዚህም ብዙዎቹ ነገ ጧት በብርድ ቆመው ጠበሉ እስኪደርሳቸው ይጠብቃሉ። በአንድ እጃቸው መስቀሉን ይሳለማሉ፤ በሁለተኛው እጃቸው ብልቃጡን በነጠላቸው ሸሽገው ይዘዋል። ያችን የተሸሸገች እጅ አትምቱአት። ግለጡና ባርኩአት።